ቀይዋ ብስክሌትና ሦስቱ ሕግ አፍራሾች

በአንድ ወቅት፣ ይኸውም በ1984 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ የኮምቦልቻ ብስክሌተኞች ማኅበር ከዚያ በፊት ካደረጋቸው ጉዞዎች ሁሉ የሚረዝመውን ጉዞ አሰበ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ሐይቅ ላይ አድሮ፣ በማግስቱ ወልድያ ሊገባ ነበር። ዘመኑ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚመች አልነበረም። መንግሥት ከተለወጠ ገና ወራት ማለፋቸው ነው፤ ከተበተነው ሠራዊት የተረፈ ጠመንጃ በየገበያው ይሸጣል፤ ጠመንጃውን መሸጥ ያልፈለገም መንገድ ዳር ያደፍጣል።

የማኅበሩ መሥራች ጋሽ ይመር ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአስመራ ያመጧት ቀይ የእሽቅድድም ብስክሌት ነበረቻቸው፤ እሷን ይዞ ፊት ፊት መሄድ በከተማው ልጆች ዘንድ ከሹመት ይቆጠር ነበር። ጉዞው የታቀደው በእሳቸው ግቢ ነው። በቆርቆሮው በር ላይ መንገዱን በጠመኔ ሥለው፣ ዳገቱን በነጭ፣ ቁልቁለቱን በቀይ ለይተው፣ ዘጠኛችንን ፊታቸው አስቀመጡን።

«አራጋው ፊት ይሁን» አሉ። «ትከሻው ነፋስ ይሰብራል።»

«ነፋሱስ ይሰበር» አለ እብሬ፣ «ፀሐይ ግን ከየት ልናገኝ ነው?»

አራጋው ግዙፍና ሳቂታ ሰው ነበር። «አንተ ደግሞ ጭነት እንደማያጣ በቅሎ መሀል ሆነህ የመሣሪያውን ቦርሳ ተሸከም» አለው። እብሬ የማኅበሩ ጠጋኝ ነበር፤ ፖምፓው፣ መፍቻው፣ ትርፍ የጎማ ካላማዳሪያው ሁሉ በእሱ ትከሻ ይጓዛል። ኋላ እንዲሆን የተመረጠው ሙሄ ነው፤ ቁልቁለት ከማይፈሩት ወገን ስለነበረ፣ ወደኋላ ቢቀር እንኳ ይደርሳል ተብሎ።

ውሃው የት እንደሚቀዳ፣ በሶው በማን እንደሚያዝ፣ ሐረጎን ፀሐይ ሳትበረታ እንዴት መጨረስ እንደሚቻል ተነጋገርን። ከዚያ ሁሉም ሊያነሣው ፈርቶ የቆየውን ጋሽ ይመር ራሳቸው አነሡት።

«ሽፍታ ቢያጋጥመንስ?»

መጀመሪያ የመለሰ ሙሄ ነበር። «ብስክሌት ብረት ነው። ወርዶ መስጠት ነው። ለብረት ብሎ የሚሞት ሞኝ ነው።»

እብሬ ቀጠለ፤ ሶላቱን የማያስታጉል፣ ቁጡ ቃል ከአፉ የማይወጣ ልጅ ነበር። «እጅ አይነሣ። አንዱ ከመታ ሁላችንን ያስፈጀናል፤ ደግሞም ነፍስ የሚወስደው የሰጠው ነው።»

አራጋው ሳቁን ተወ። «እኔ የምለው አንድ ነው። ማንም ጓደኛውን ጥሎ አይሂድ። ጥሎ የሄደ ከማኅበሩ ይሰረዝ፤ ልጆቹም ፈሪ የወለዳቸው ተብለው ይጠሩ።»

ጋሽ ይመር ሦስቱንም ሕግ አደረጓቸው፦ ወርደህ ስጥ፤ እጅህን አታንሣ፤ ከጓደኛህ አትለይ። ሁላችንም በየተራ በቀይዋ ብስክሌት ኮርቻ ላይ እጃችንን ጭነን ማልን።

የመጀመሪያው ቀን እንደታቀደው ሄደ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከሐይቅ ተነሥተን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርድበት ስንደርስ፣ ከአንዱ መታጠፊያ ማዶ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቀን። አራጋው በፍጥነቱ ኃይል በድንጋዮቹ መካከል በቀረች ቀዳዳ ሾልኮ አለፈ። ሌሎቻችን ፍሬን ይዘን ተጋጭተን ወደቅን። የተቀዳደደ የወታደር ካፖርት የለበሱ፣ ከሲታ የሆኑ ሦስት ሰዎች ጠመንጃ ደግነው፣ «ተኙ!» እያሉ ከማሽላው ውስጥ ወጡ። ለመተኛት የዘገየውን አንድ ልጅ አለቃቸው በሰደፍ አፉን ሲለው ጥርሱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ከዚያ ወዲያ የዘገየ አልነበረም።

ጋሽ ይመር በሕጉ መሠረት ብስክሌታቸውን በዝግታ አስተኙ። «ልጆቼ፣ ውሰዱት። እኛም እንሂድ፣ እናንተም ሂዱ።»

አለቃው ቀረብ ብሎ አያቸው። «ፊቴን አየኸው፣ ሽማግሌ?»

«አየሁት» አሉ። መዋሸት አያውቁም ነበር።

«እንግዲያው ተንበርከክ» አለና የጠመንጃውን አፈሙዝ ማጅራታቸው ላይ አስደገፈ። በዚያች ቅጽበት ሦስቱ ሕጎች በሦስት ሰዎች ፈረሱ።

አራጋው ከድንጋዩ ማዶ ነበር። ዞሮ አይቷል፤ እኛም ሲያየን አይተነዋል። እብሬ ከተኛበት ቀና ብሎ «አራጋው» ብሎ ተጣራ። አራጋው ጀርባውን ሰጥቶን ፔዳሉን ረገጠ። ቁልቁለቱን እንደ ድንጋይ ተንከባልሎ ከሥር ካለችው መንደር ሲደርስ አንድ እህል የጫነ መኪና ቆሞ አገኘ። ሾፌሩ «ሽፍታ ወዳለበት አልወጣም፣ ልጆች አሉኝ» አለው። አራጋው ከጋቢናው ጎትቶ አወረደው፤ ፊቱ ደም እስኪለብስ በቡጢ ደበደበው፤ ከዚያ መልሶ መሪው ፊት አስቀመጠውና ከጎኑ ተቀመጠ። «እኔ መንዳት አልችልም» አለው። «አንተ ካልነዳህ እኔ እነዳለሁ፣ ሁለታችንም ገደል እንገባለን።» ሾፌሩ እያለቀሰ ነዳ።

ሙሄ ከሁላችንም ኋላ ነበርና መታጠፊያውን ሲዞር አፈሙዙ በጋሽ ይመር ማጅራት ላይ እንዳለ ደረሰ። መውረድ ይችል ነበር፤ ፍሬኑም ይሠራ ነበር። ጣቶቹን ከፍሬኑ አነሣ፣ አንገቱን ቀበረ፣ የቁልቁለቱን ፍጥነት ሁሉ ይዞ አለቃው ጎን ላይ ተሰካ። ጠመንጃው ጮኸ። አለቃው ከነጠመንጃው ወደ ገደሉ ተወረወረ፤ ሲወርድ ከድንጋይ ድንጋይ ሲላተም ሰማነው። ማጅራት ላይ የነበረው አፈሙዝ በግጭቱ ዝቅ ስላለ ጥይቱ በጋሽ ይመር ብብት ሥር ገብቶ በደረታቸው ወጣ። ሙሄ በግንባሩ አስፋልቱን ፈጭቶ፣ መንጋጋው ተሰብሮ፣ የገዛ ብስክሌቱ መሪ ግራ ዓይኑን አፍስሶት ተዘረረ።

ሁለተኛው ሽፍታ ጠመንጃውን ወደ ወደቀው ሙሄ አዞረ። እብሬ ከቦርሳው ትልቁን መፍቻ መዝዞ ተነሥቶ ሰውየውን ከኋላ ጆሮ ግንዱን መታው። ጠመንጃው ወደቀ። ሰውየው ተንበረከከ፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «በእናትህ፣ ወንድሜ» አለ። በግልጽ ሰምተነዋል። እብሬ ደገመው። ሠለሰው። መፍቻው አጥንት ሲሰብር ድምፁ የደረቀ ቅርንጫፍ ይመስል ነበር፤ ሰውየው መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም አላቆመም። ሦስተኛው ሽፍታ ይህን ሲያይ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ማሽላው ሸሸ። እብሬ የወደቀውን ጠመንጃ በእጁ ሳይነካ በእግሩ ገፍቶ ገደል ጨመረው። ከዚያ በዚያው ደም ባለው እጁ ሸሚዙን ቀዶ የጋሽ ይመርን ቁስል ከፊትና ከኋላ ወተፈ፤ በካላማዳሪያ ደረታቸውን ዙሪያውን ጠፍንጎ አሰረ። መኪናው እስኪመጣም ጉልበቱ ላይ አስተኝቷቸው ተቀመጠ።

ሐኪሙ ኋላ የነገረን ይህን ነው፦ ጥይቱ ማጅራት ቢመታ ኖሮ ወደ እሱ የሚመጣ ሰው አይኖርም ነበር፤ ቁስሉ ባይታሰር መንገድ ላይ ደማቸው ባለቀ፤ መኪናው ጥቂት ቢዘገይ ደግሞ ማሰሩ አያድንም ነበር። ጋሽ ይመር ዳኑ፤ ነገር ግን አንድ ሳንባቸው ከዚያ ወዲያ ሥራ አቆመ። ብስክሌት ላይ ዳግም አልወጡም።

ቁስላቸው ሲጠግግ ማኅበሩን ግቢያቸው ሰበሰቡ። ቀይዋ ብስክሌት መሀል ቆማለች። «እኔ የምኖረው በአንዳችሁ ነው» አሉ። «ብስክሌቷም፣ የፊት ቦታውም የዚያ ሰው ነው። ተናገሩ፤ ማኅበሩ ይፍረድ።»

ሙሄ ዓይኑ በጨርቅ እንደታሰረ ተነሣ። መንጋጋው ገና ስላልተስተካከለ ቃላቱ እየተቆራረጡ ወጡ። «ጥይቱ ለማጅራትዎ ነበር፤ ከዚያ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለብረት የሚሞት ሞኝ ነው ብዬ ነበር። ለብረት አልነበረም።»

«ልክ ነህ፣ ለብረት አልነበረም» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባል። «ግን አልተተኮሰም ነበር እኮ። ባትጋጨው ይተኩስ ነበር ብሎ የነገረህ ማን ነው? ያስተኮስከው አንተ ነህ።»

ሙሄ ወደ ተናጋሪው ዞረና በቀረችው ዓይኑ ብዙ አየው። ከዚያ ተቀመጠ።

አራጋው ተነሣ። በከተማው «ጀርባው» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር፤ ሚስቱ ውሃ ስትቀዳ ይዘፈንባታል። «ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማፍረሱ ከማንም ይልቅ እኔን ያቆስለኛል» አለ። «አጠገባችሁ ብተኛ ኖሮ ታማኝ ሆኜ እሞት ነበር፣ ጋሽ ይመርም አብረውኝ ይሞቱ ነበር። ብስክሌቷን ብትነፍጉኝ ልጆቼ የፈሪ ልጆች ናቸው ብላችሁ ማተማችሁ ነው።»

«መኪናውን ስታመጣ እኮ ሽፍቶቹ አልቀው ነበር» አሉት።

«ያንን በምን ላውቅ? እኔ የተመለስኩት ሦስት ጠመንጃ ወዳለበት ነው» አለ።

እብሬ አልተነሣም። ተቀምጦ፣ የእጆቹን መዳፍ እያየ ተናገረ። ፖሊስ ጠይቆ አሰናብቶታል፤ መስጊድ ግን ከኋለኛው ረድፍ ወደፊት መጠጋት ትቷል። «እኔ ደማቸውን አስሬአለሁ፤ ሙሄንም አትርፌአለሁ» አለ። «ግን የምጠይቀው በዚያ አይደለም። ሰውየው ለምኖኝ ነበር፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብስክሌቷን ከሰጣችሁኝ ያደረግሁት ስለ ጋሽ ይመር ነው ማለት ነው። ካልሰጣችሁኝ፣ ምንድን ነው ያደረግሁት?»

ምሽቱ እስኪገባ ተከራከርን፤ ወንድም ከወንድሙ ተሰዳደበ፤ ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተያይዘው በግድ ተላቀቁ። በመጨረሻ «እርስዎ ይፍረዱ» ተባሉ ጋሽ ይመር።

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅናቸው። «ሕጉ ቢከበር ኖሮ ወይ ሞቼ ነበር፣ ወይ ሳልቆስል ቤቴ ገብቼ ነበር» አሉ። «የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የማያውቅ ደግሞ አይፈርድም።»

እንዲህ እንዳሉ ከአራት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ ረጅም ጉዞ አላሰበም፤ ሦስቱም በአንድ መንገድ አይሄዱም፤ ብስክሌቷ ዛሬም ባለቤት የላትም።

እናንተ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ያ ወደ ማሽላው የሸሸው ሰው ኋላ ተይዞ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጥቶ መርሳ ከተማ ላይ ሽንኩርት ሲነግድ አገኘሁት፤ ማንነቴን ሳልደብቅ ጠየቅሁት፤ እሱም ሳይደብቅ ነገረኝ። ሦስቱ ጠመንጃዎች በጠቅላላው የነበራቸው ጥይት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም በአለቃው ጠመንጃ ውስጥ ነበረች፤ ይተኩሳት እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ግን ጓደኛው የነበረው ይህ ሰው እንኳ እስከ ዛሬ አያውቅም። ይህን ካወቃችሁ በኋላ፣ ቀይዋ ብስክሌት ለማን ትገባለች?