አያ ዘለቀና የቁልቁለቱ ጋሪ

አያ ዘለቀን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። እኔም የምነግራችሁ አጎቴ የነገረኝን ነው፤ አጎቴ ደግሞ ከአባቱ ሰማሁ ይል ነበር። አባቱ ውሸት አያውቁበትም ነበር፤ ቢያውቁበት ኖሮ አንድ ሹመት አያጡም ነበር።

አያ ዘለቀ የደጃዝማች አንዳርጌ ቀልደኛ ነበር። ደጃዝማች በባቡር መስመር ላይ ያለች አንዲት ከተማ ይገዙ ነበር። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ፈረንጅ፣ በአገሩ ሰዎች ለመዝናናት ብለው ሐዲድ ላይ በተቀመጠ ጋሪ ከጉብታ ቁልቁል እየጮኹ እንደሚንደረደሩ አጫወታቸው። ደጃዝማች ቅናት ያዛቸው። “ለመጪው መስቀል በእኛም ጉብታ ላይ ይሠራ!” አሉ። መኳንንቱ በሙሉ “ይበል!” አሉ። ደጃዝማች ወደ አያ ዘለቀ ዞረው፣ “አንተስ ምን ትላለህ?” አሉት።

«ጌታዬ፣ እኛ ሰው ገደል ሲገባ እናለቅሳለን፤ እነሱ ትኬት ይቆርጡለታል ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ደጃዝማች ግን አልሳቁም። “እንግዲያው ጋሪው ባለቀ ዕለት መጀመሪያ የምትሳፈረው አንተ ነህ” አሉት። የገዥ ቃል ነውና አይታጠፍም። ከዚያ ወዲህ ጋሪውን ማን ይሥራው የሚለው ነገር ለሌላው ሰው ወሬ ነበር፤ ለአያ ዘለቀ ግን የነፍሱ ጉዳይ ሆነ። በጣም ፈርቶ ነበር። ቀልደኛ አይፈራም የሚል ሰው ቀልደኛ ገጥሞት አያውቅም።

ሠሪውን እንዲመርጥ የታዘዘው የደጃዝማች አማች አጋፋሪ ጥበቡ ነው። ለሥራው ሁለት ፈረንጆች ቀረቡ። ሙሴ ያኒ ያመጣው ንድፍ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ በከሰል የተሠራ ነበር። የሙሴ ሉዊ ግን በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ነው፤ ሰማይ አለው፣ የሚስቁ ወይዛዝርት አሉት፣ ወፎችም አሉት። አጋፋሪ አይቶ ፈዘዘ። አያ ዘለቀ ጠጋ ብሎ፣ “ጋሪውን የሚሸከመው ምሰሶ የታለ?” አለ። አጋፋሪም “ምሰሶ ሥዕል ያበላሻል!” ብሎ ተቆጣው።

«እንግዲያስ ወፎቹን አደራ በሏቸው፤ ጠበቅ አድርገው ይያዙት።»

በማግስቱ ሁለቱ ሠሪዎች ስለ ቀድሞ ሥራቸው ተጠየቁ። ሙሴ ሉዊ ደረቱን ነፍቶ፣ “በየአገሩ ሠርቻለሁ። ከተሳፈሩት ውስጥ ተመልሶ መጥቶ ያማረረኝ አንድ ሰው የለም” አለ።

«ያማረረው ይቅር፤ ተመልሶ መጥቶ ያመሰገነህስ አለ?»

ሙሴ ያኒ በተራው ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ፣ “እኔ የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። አንድ ተሳፋሪ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ መቀመጫው ላይ ጠፍር ጨመርኩበት” አለ። አጋፋሪ ከመቀመጫው ብድግ አለ። “ሰማችሁ? እግር ሰባሪ ነው! በገዛ አፉ ተናገረ!”

«ለእኔስ እሱ ይሁንልኝ፤ ቢያንስ የሚያነክስ ምስክር አለው።»

ማን ይስማው! በእሑዱ አጋፋሪ ጥበቡ ባማረች በቅሎ ላይ ጉብ ብሎ ቤተ ክርስቲያን መጣ። በቅሎዋን ከተማው ያውቃታል፤ እስከ ቅዳሜ የሙሴ ሉዊ ነበረች። ሙሴ ሉዊ ደግሞ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። አጋፋሪ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ነገሩን በሚገባ መርምሮ ሙሴ ሉዊን እንደ መረጠ አስታወቀ። አያ ዘለቀ ሰዉን እየገፋ አልፎ ሄደና ለበቅሎዋ እጅ ነሣ።

«እንኳን ደስ ያለሽ እመቤቴ፤ ለካ የተመረጥሽው አንቺ ነሽ።»

መስቀል ደረሰ። ጋሪው ጉብታው አናት ላይ ቆመ፤ ነፋስ ሲመጣ ሐዲዱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከተማው ለትርኢት ወጣ። የአያ ዘለቀ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከወዲሁ ታለቅሳለች። ደጃዝማች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ “ዘለቀ፣ ውጣና ተሳፈር!” አሉ።

በዚህ መሀል አሳላፊው የደጃዝማችን ጠጅ ይዞ ገባ፤ እንደ ወጉም መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰው። አያ ዘለቀ በዓይኑ ተከተለው። “ጌታዬ፣ ይህ ሰው የእርስዎን ጠጅ ለምን ቀድሞ ይጠጣል?” አለ። “ወግ አታውቅም? መርዝ ቢኖርበት በእሱ ይታያል። ያቀረበ ይቀምሳል!” አሉት።

«መሳፈሩን እኔው እሳፈራለሁ፤ ግን ጋሪውን ያቀረቡት አጋፋሪ ይቅመሱልኝ።»

ደጃዝማች አሰብ አደረጉና፣ “ወግ ነው። ጥበቡ፣ ቅመስ!” አሉ። አጋፋሪ ሙሴ ሉዊን ፈለገ፤ ሙሴ ሉዊ ወደ ባቡር ጣቢያው እየሮጠ ነው። አጋፋሪ ጉብታውን አየ፤ ሐዲዱ ሲጥ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ አያ ዘለቀ ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ “በቅሎዋን ውሰዳት፤ እባክህ አንተው ግባልኝ” አለው። ደጃዝማች ከድንኳኑ ሆነው፣ “ምን እያለህ ነው?” ብለው ጮኹ።

«ቀምሰውታል ጌታዬ፤ መርዝ አለበት ነው የሚሉት።»