ገመድ ለአህያ ዋስ የሆነ ዕለት

...ትከሻዬማ የኔ አይደለም እልሻለሁ፣ እታለም! ጠዋት ሲሚንቶ፣ ከሰዓት አሸዋ። ጭራሽ ፖሊስ ጣቢያ የቆየሁትን «አረፍክ አይደል?» ይሉኛል፣ ይታይሽ! በቃ አታልቅሺ፣ ወጥቻለሁ። እኔን የጠረጠሩበትን የሕንፃ ብረት፣ ፌሮውን፣ የሰረቀው ሌላ ሰው ነው፣ ተይዟል። ልጆቹ አጠገብሽ ናቸው? ድምፁን ከፍ አድርጊላቸው።

ምንታምር! ሸጋው! አጎታችሁ ነኝ። እንዴት እንደወጣሁ በተረት ልንገራችሁ። ጆሮ አለ?

«አለ!»

እንግዲያው ያዙ። ድሮ ድሮ እንስሳት ሁሉ እህላቸውን በአንድ ጎተራ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጎተራው ጮኸ።

«ኡ ኡ! ሆዴ ባዶ ነው! ሽምብራዬን ወሰዱት!»

«ማን ወሰደው?» አሉት።

«እኔ ሆድ እንጂ ዓይን አለኝ እንዴ?» አለ።

ጎተራው ሥር አህያ ቆማ ጎኗን ታካለች። ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ወጣና «ይቻትላችሁ ሌባዋ! ለጅብ ትሰጥ!» አለ። «ትሰጥ! ትሰጥ!» አሉ ሁሉም። ጅብ ገና ሳይፈረድ አፉን ጠራረገ።

ዳኛው ኤሊ ናቸው። ቀስ ብለው ይሰማሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ።

«እመት አህዪት፣ ምን ትያለሽ?» አሏት። አህያ ከድንጋጤዋ ዝም አለች።

«ዝም አለች! አመነች!» አለ ዝንጀሮ።

«ዝም ማለት ማመን አይደለም» አሉ ኤሊ።

«እሺ፣ አለመስረቋን ታስረዳ!»

«የከሰስከው አንተ፣ የምታስረዳውም አንተ።»

«እሺ፣ እስከዚያው ጅብ ቤት ትቆይ!»

«ሳይፈረድ ቅጣት የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሰማችኋለሁ። እስከዚያ ዋስ ትጥራ።»

አህያ ፈረስን ጠራች። «ወንድሜ፣ ዋስ ሁነኝ።»

«የት ነው የምንተዋወቀው?» አለ ፈረስ።

በቅሎን ጠራች። «ልጄ፣ ዋስ ሁኚኝ።»

«እኔ የፈረስ ዘመድ ነኝ፤ የአህያ ወሬ አታንሺብኝ» አለች በቅሎ፣ ጭራዋን አዞረችና።

እንስሳቱ ሳቁ። አህያ አለቀሰች። ይሄኔ ከጀርባዋ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ አለሁ!»

የጭነቷ ገመድ ነው። አሮጌ፣ የተላላጠ ገመድ።

«አንተ ደግሞ ምን አለህ?» አለ ዝንጀሮ። «ቤት የለህ፣ መሬት የለህ!»

«ቋጠሮ አለኝ» አለ ገመድ። «እሷንና ከሳሿን አንገት ለአንገት አስሬ እውላለሁ። ብትጠፋ እሳት ውስጥ ጣሉኝ።»

«ከሳሹ እኔ! የምታሰረውም እኔ?»

«የአባቶች ሕግ ነው» አሉ ኤሊ። «ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ሆነው ይውላሉ።»

ታሰሩና ወጡ። እኩለ ቀን ሲሆን ሁለቱንም ራባቸው። አህያ ገመዱን እየደጋገመች ሳበች፣ ሣር ነጨች። ዝንጀሮ ገመዱን ሳበ፣ የአንድ ገደል ስንጥቅ ውስጥ እጁን ሰደደ፣ ጉንጩን ሞላ። ቆይቶ ደግሞ ሳበ። ቆይቶ ደግሞ ሳበ። ሆድ መቼ ችሎት ላይ ነኝ ብሎ ያውቃል?

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዳኛው «ምስክርህን አምጣ» አሉት ዝንጀሮን።

«ምስክሬ ጩኸቴ ነው!»

«አንተስ ዋስ፣ እንዴት ዋላችሁ?»

«ጌታዬ» አለ ገመድ፣ «አህያ ሦስቴ ጎተተችኝ፣ ሦስቱንም ወደ ሣር። ዝንጀሮ ሦስቴ ጎተተኝ፣ ሦስቱንም ወደ ገደሉ ስንጥቅ። ውስጡን እኔ አላየሁም። የሚያይ ይላክ።»

ውሻ ተላከ። ሽምብራው ተገኘ!

ጅብ «እሺ፣ ዝንጀሮን ስጡኝ» አለ።

«ለጅብ የሚሰጥ የለም» አሉ ኤሊ። «የወሰደውን ይመልስ፣ ክረምቱን ጎተራ ይጠብቅ። አህዪት፣ ነፃ ነሽ።»

አህያ አንገቷን ደፋች። «አያ ገመድ፣ ጭነት ስታጠብቅብኝ ስንቱን እርግማን አወርድብህ ነበር! እንዴት አመንከኝ?»

«ስንት ዘመን እህል አብረን ጫንን» አለ ገመድ። «ጭነቱን ስትነኪ አይቼሽ አላውቅም። ካላመንኩሽ ማንን ልመን?»

ከዚያ ወዲህ አህያ ገመድ ሲያጠብቅባት ዝም ትላለች። ዝንጀሮ ግን ገመድ ሲያይ ይሮጣል።

እታለም፣ የኔን ገመድ ታውቂዋለሽ? የሥራ ቦታችን ዘበኛ ጋሽ ኤርጫፎ! በየቀኑ ስንወጣ ኪሴን ሲበረብሩ በሆዴ የምሰድባቸው ሰውዬ። አብረውኝ የሚበሉት ሁሉ ስልካቸውን ሲያጠፉ፣ እሳቸው በሸምበቆ ዱላቸው እያነከሱ ጣቢያ መጡልኝ። «በየቀኑ ፈትሸዋለሁ፤ ምስማር እንኳን አላገኘሁበትም። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው! ዛሬ ኪሴን ሳይጠይቁኝ ገልብጬ ነው የማሳያቸው።

አቤት! መጣሁ! የሥራ አለቃዬ ካቦው እየጠራኝ ነው፣ እታለም። ልጆች፣ ተረቴን አስቀምጡልኝ፣ ይቺን ግን ያዙ፦ ለክስ ሺህ አፍ ይገኛል፤ ለዋስ አንድ ልብ ይበቃል። ዘጋሁት።