በቅሎዋ ዞራ ያየችው

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ወዲህ በሉ።

አንዲት ኩሩ በቅሎ ቀኑን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ትውልና እንደቆመች ታድር ነበር። ድመት፣ «እሜቴ በቅሎ፣ እስቲ ትንሽ ይንጠራሩ፤ ሰውነትዎን ያፍታቱ» ስትላት፣ «እንዳንቺ ሥራ ፈት መሰልኩሽ?» ትላታለች።

አንድ ማለዳ በቅሎ ከኋላዋ ኮሽታ ሰማች። ዞራ ልታይ ብትል አንገቷ እንጨት ሆኖ ቀረ። ክው አለች። የመጣው ጅብ ነበር! ልትሮጥ ብትል እግሯም እምቢ አላት፤ ጅቡ ከኋላ ቦጨቃት። ውሾች ደርሰው አባረሩት።

በቅሎ፣ «እስቲ አሳዪኝ፣ መንጠራራቱ እንዴት ነበር?» አለቻት ድመትን። ድመት አሳየቻት። በቅሎም የፊት እግሮቿን ቀስ ብላ ዘረጋች፤ ወገቧን ሳበች፤ በረጅሙ ተነፈሰች። አንገቷ ተላቀቀ።

ዞራ ኋላዋን አየች። ጭራዋ የለም።