ሜዳ ላይ የተለካ ጉልበት

እስቲ ንገሩኝ፤ ዳገት መሀል ስትቆሙ የምትጠሩት ሜዳ ላይ የሳቃችሁበትን አይደለም?

አንድ ጊዜ በተራራ አናት የሚኖሩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣራቸውን በረዶ መታባቸውና ተራቡ። ንጉሡ አንበሳ ከሜዳው እህል አሰባስቦ ሊልክላቸው ወሰነ። በአገሩ የነበሩት የጭነት መኪናዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አሮጌ። አንደኛው የጅብ ነው፣ በቤንዚን ይሠራል። ሌላው የአህያ ነው፣ ናፍጣ ይጠጣል፤ ከእሱ በቀር መተዳደሪያ የላትም።

«ለሁለት አሮጌ መለዋወጫ አልገዛም» አለ አንበሳ። «ያሸነፈው እህሉን ይጭናል። የተሸነፈው ለቁራሌ ይሰጥና ብረቱ ይሸጣል።»

ዳኛ ሆኖ የተሾመው ቀበሮ ነው። ቁራሌው ጃርት የቀበሮ አማች መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገር ግን አልተገኘም።

ቀበሮ ኮፈን ከፍቶ ሞተሮቹ ላይ የተለጠፈውን አነበበ። «የአያ ጅቦ፣ ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት! የአህያ፣ መቶ ሃያ።»

ጅብ «ሁለት መቶ ፈረስ» ሲባል ምራቁን ዋጠ።

«ጌታዬ» አለች አህያ ወደ አንበሳ ዞራ፣ «የእሱ ሞተር ያን ሁሉ ጉልበት የሚሰጠው በፍጥነት እየዞረ ሲጮኽ ብቻ ነው። ጭነት ከብዶት ዙሩ ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የእኔ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው የሚስበው። ጭነን ዳገት ላይ እንሞክራቸው።»

«ዳገት ላይ?» አለ ቀበሮ ደንግጦ። «ግርማዊነታቸው ዳገት ላይ ጥላ የላቸውም እኮ! ፈተናው የሚደረገው ዙፋኑ ባለበት ነው። ጭነትም አያስፈልግም፤ እህሉ አቧራ ይለብሳል።»

ጅብ ወደ አህያ ጠጋ ብሎ፣ «አያትሽም እንዲሁ ጠንካራ ነኝ ትል ነበር» አላት። «እውነቷን ነው፤ ሳኝካት አደርኩ።»

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። አንበሳ ሳቀ። ጭላዳዎቹ የላኳቸው ሽማግሌዎች እንኳ፣ ንጉሡ ሲስቅ አይተው፣ በባዶ ሆዳቸው ሳቁ።

የጅብ መኪና ባዶውን በሜዳው ላይ ከነፈ። የአህያ መኪና የደረሰው አቧራው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ወዲያው ጃርት መጥቶ በሮቹን ነቀለ፣ መስታወቱን ነቀለ፣ ወንበሩን ወሰደ። ሞተሩን ግን ቢገፋው ቢስበው ከበደውና፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጅብ እህሉን ጫነ። አንበሳ፣ እህል ሲያመጣ እንዲታይ፣ ጋቢና ገባ፤ ቀበሮም ከጎኑ። ሜዳውን በዘፈን አለፉት። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ጮኸ። ጥምዙ ላይ ሲደርሱ ጩኸቱ ሳል ሆነ፣ ራዲያተሩ ፈላ፣ መኪናው ቆመ፤ ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላ ደግሞ ገደል ነው።

«ታኮ! ታኮ አድርግ!» ብሎ አንበሳ አገሳ። ቀበሮ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ።

«ሁለት መቶዎቹ ፈረሶች የት ሄዱ?» አለ አንበሳ።

«እኔ አልበላኋቸውም!» አለ ጅብ።

ድንጋዩ መሰንጠቅ ሲጀምር ቀበሮ ዳገቱ ግርጌ ወዳለችው አህያ ሮጠ። ትናንት «አህያ» ብሎ የጠራት፣ ዛሬ «እሜቴ፣ እመቤቴ፣ የኔ እናት» አላት።

አህያም በር በሌለው መኪናዋ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ መጣች። በጎን አልፋቸው ከፊት ቆመች፤ ሁለቱን መኪናዎች በሰንሰለት አሰረች፤ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ያ ባለ መቶ ሃያ ሞተር ሳይጮኽ፣ ዱግ ዱግ እያለ፣ ጅብንም እህሉንም ንጉሡንም እስከ አናቱ ጎትቶ አወጣ።

ጭላዳዎቹ በሉ። አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሥ ይቅርታ አይጠይቅም» አለ። «አንቺ ግን ሳትጠየቂ ብትሰጪ ያምርብሻል።»

«ያለፈው አልፏል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በይን፣ እሜቴ» አለ ቀበሮ። «በሮችሽንም ከአማቼ በቅናሽ አስመልስልሻለሁ።»

አህያ ሰንሰለቷን ፈትታ ጠቀለለች።

«የሳብኩት ስለተራቡት ነው፤ በባዶ ሆዳቸው የሳቁብኝም ቢሆኑ። ይቅርታ ግን ጭኜ አልመጣሁም። ጅብን ይቅር አልልም፣ ቀበሮንም፣ ጃርትንም፣ ንጉሡንም፣ እነዚህን አሁን የጠገቡትንም። አንዳችሁንም።»

ቁልቁለቱንም በአንደኛ ማርሽ፣ ሳትቸኩል ወረደችው።

ከዚህ የምንማረው ጉልበት የሚለካው ዙፋን ባለበት ሜዳ ሳይሆን ጭነት ባለበት ዳገት መሆኑን፣ ደግሞም ከገደል አፋፍ ጎትቶ ያወጣን ሁሉ ይቅር ብሎናል ማለት እንዳልሆነ ነው።