ገንዳው እስኪሞላ

ልሙት፣ እውነቴን ነው። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ የነገዋን ፀሐይ አያሳየኝ፣ ይሄ ጢሜም አንድ በአንድ ይርገፍ።

አርባ ምንጭ ውስጥ የአንድ አሮጌ ሆቴል ዘበኛ ነኝ። የምጠብቀው የመዋኛ ገንዳውን ነው። ገንዳው ውሃ የለውም። ውሃ የሌለውን ገንዳ ከማን እንደምጠብቅ ልትጠይቁኝ ካሰባችሁ፣ እኔም አለቃዬን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

አንድ ጠዋት የሰፈራችን ልጅ ሶልያና ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ሥራ ከመያዟ በፊት አንድ ዓመት ዓለምን ማየት አምሯታል። ታንዛኒያ ሄዳ፣ ባሕር መሐል ባለች ደሴት ላይ በበጎ ፈቃድ የባሕር ኤሊ እንቁላል ልትጠብቅ ነው፤ ያ ሲያበቃ ደግሞ ኪሊማንጃሮ ላይ ልትወጣ። እኔ የባዶ ገንዳ ዘበኛ፣ እሷ የእንቁላል ዘበኛ፤ ሙያው በአካባቢያችን እየተስፋፋ ነው። ፓስፖርቷ ወጥቷል። የተራራ ጫማዋን ለማለማመድ እያለች ቤት ውስጥ ሳይቀር ታደርገዋለች። የጀርባ ቦርሳዋም ተዘጋጅቷል፤ አንድ ጥጃ ከነእናቱ ይይዛል። የቀራት ትንሽ ነገር ናት። በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ከጀልባ ወርዶ በዋና ወደ ደሴቲቱ መድረስ አለበትና፣ ስትዋኝ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኪ ብለዋታል። እስከ እሑድ ማታ ካልላከች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"አባባ፣ ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የምፈልገው" አለችኝ።

ሐይቅ አጠገብ እየኖረች ውሃ እንዴት ታጣለች ትሉ ይሆናል። ሐይቁማ አዞ አለበት። የኛ አዞ ሦስት ባጃጅ ተከታትሎ ቢቆም ያህላል፤ ሲያዛጋ ደግሞ አራተኛው ከነተሳፋሪው ይገባበታል።

እስከዚያው እንዳትቦዝን ብዬ አግዳሚ ወንበር ባዶው ገንዳ ውስጥ አወረድኩና በሆዷ አስተኝቼ ዋና አስተማርኳት። እጅ፣ እግር፣ ትንፋሽ። እጅ፣ እግር፣ ትንፋሽ። በደረቅ መሬት እንደሷ የዋኘ ሰው አልተወለደም፤ ወንበሩ ራሱ ከጥልቁ ወደ ጥልቅ ያልሆነው በኩል ሄዷል።

ግን በወንበር ላይ የተዋኘ ዋና ለቪዲዮ አይሆንም። ሶልያና ገንዳውን ሙላልኝ አለችው። ገንዳው ፓምፑ ካልዞረ አልሞላም አለ።

ወደ ፓምፑ ወረደች። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ከምንጮቹ ነው። ሽቦዬ ምሰሶው ላይ ተበጥሷል፣ ማቴዎስ ወጥቶ ካልቀጠለልኝ አልዞርም አለ። ፓምፑ አልዞር አለ፣ ገንዳው አልሞላ አለ፣ ሶልያናም ሳትዋኝ ቀረች።

ወደ ኤሌክትሪሻኑ ወደ ማቴዎስ ሮጠች። ማቴዎስ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ባለፈው በርሜል በበርሜል ላይ ደርቦ ምሰሶ ወጥቶ የተመለሰው በአየር ነበር። መሰላል ካላመጣችሁልኝ አልወጣም አለ። በሰፈሩ ያለው ረጅም መሰላል ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም አንድ የማንጎ ዛፍ ላይ ተደግፏል። ማቴዎስ አልወጣ አለ፣ ፓምፑ አልዞር አለ፣ ገንዳው አልሞላ አለ፣ ሶልያናም ሳትዋኝ ቀረች።

ወደ ማንጎው ሮጠች። መሰላሉ አናት ላይ አንድ ዝንጀሮ ከቱሪስት የነጠቀውን መነጽር አድርጎ፣ እንደ ጡረተኛ እግሩን አነባብሮ ማንጎ ይበላል። ብትለምነው እያየችው ሌላ ማንጎ ላጠ። ድንጋይ ብታነሳ፣ እሱም አነሳ፤ የሱ ይበልጥ ነበር። ይሄን ዝንጀሮ የሚያስወርደው የአንድ ፍጡር ድምፅ ብቻ ነው፣ የሻምበል። ሻምበል የሰፈሩ ውሻ ነው። አንዴ ከጮኸ ዝንጀሮ ኮንሶ ደርሶ ነው ዞር ብሎ የሚያየው። ዝንጀሮው አልወርድ አለ፣ መሰላሉ አልነቃነቅ አለ፣ ማቴዎስ አልወጣ አለ፣ ፓምፑ አልዞር አለ፣ ገንዳው አልሞላ አለ፣ ሶልያናም ሳትዋኝ ቀረች።

ወደ ሻምበል ሮጠች። ሻምበል በአስካለ ዓሣ ቤት በር ላይ አገጩን መሬት አስደግፎ ተኝቷል። ያለ ዓሣ ጭንቅላት ድምፄን አላባክንም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አስካለን ብትጠይቃት እሷም በባዶ መጥበሻ ላይ ተቀምጣለች።

"ምን ልጥበስ ልጄ? መጥበሻውን? ዳልኬ ዓሣ ካላመጣ እሳት አላነድም።"

አስካለ እሳት አላነድ አለች፣ ሻምበል አልጮህ አለ፣ ዝንጀሮው አልወርድ አለ፣ መሰላሉ አልነቃነቅ አለ፣ ማቴዎስ አልወጣ አለ፣ ፓምፑ አልዞር አለ፣ ገንዳው አልሞላ አለ፣ ሶልያናም ሳትዋኝ ቀረች። ቅዳሜም ጠባ።

በዚያ የተራራ ጫማ እየተንደረደረች ወደ ሐይቁ ወረደች። ዓሣ አጥማጁ ዳልኬ ጀልባውን ገልብጦ ጥላው ሥር ተጋድሟል። ጋሽ ዳልኬ ብላ ብትቀሰቅሰው መረቡን ዘርግቶ አሳያት። አዞ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጥቶበታል። በቀዳዳው ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ታልፋለች፣ ጥሩምባ የሚነፋው መኪናም ይከተላል።

"እማማ ዋጋዬ ካልጠገነችው ጀልባ አልገፋም" አላት። "እሷ ደግሞ መርፌ አልይዝም ብላ ቤቷን ዘግታለች። ያኮረፈችው በማን እንደሆነ አልነገረችንም።"

እማማ ዋጋዬ መርፌ አልይዝ አለች፣ ዳልኬ ጀልባ አልገፋ አለ፣ አስካለ እሳት አላነድ አለች፣ ሻምበል አልጮህ አለ፣ ዝንጀሮው አልወርድ አለ፣ መሰላሉ አልነቃነቅ አለ፣ ማቴዎስ አልወጣ አለ፣ ፓምፑ አልዞር አለ፣ ገንዳው አልሞላ አለ፣ ሶልያናም ሳትዋኝ ቀረች። ትንፋሽ ልውሰድ።

እማማ ዋጋዬ ማን መሰለቻችሁ? ከነሶልያና ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት። ሶልያና ስትወለድ መጀመሪያ ያቀፈቻት፣ ለክትባት አዝላ የወሰደቻት እሷ ናት። ልጅቷ ዳገቱን እየሮጠች ወጥታ፣ የራሷን ቤት አልፋ፣ አጠገቡ ያለውን በር አንኳኳች። አሮጊቷ ከፈተችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እኔም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ብቻ አጥር ሥር ቆሜያለሁ። ዘበኛ ነኝ፤ ማየት ሥራዬ ነው።

ሶልያና ስለ መረቡ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ ሽቦው ነገረቻት። አሮጊቷ ሳትዞር፣

"መንገደኛ ነሽ አሉ" አለች።

"ማን ነገረዎት እማማ?"

"ባጃጅ ነጂው ነገረኝ። ዳቦ ቤቷ ነገረችኝ። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። እኔ ግድግዳ ተጋርቼ፣ ስትስቂ እየሰማሁ፣ የምሰማው ከባጃጅ ነው።"

መቼም የኛን አገር ነገር ታውቃላችሁ። ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ከሆነ ነገሩ ቆሻሻ እንደነካው ልብስ ይደበቃል። ከተወራ ይሰናከላል፣ ዓይን ይገባበታል ይባላል። የሶልያና እናት እልፍነሽም አውሮፕላኑ እስኪነሳ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብላ ልጅቷን አስምላታለች። ልጅቷም ገንዳውን ለማግኘት ለእኔ ካልሆነ በቀር ቃሏን ጠብቃ ለማንም አልተናገረችም። ያን የሚያህል ቦርሳ በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስጭና ከተማውን አቋርጣ መምጣቷን ግን ሁለቱም ወሬ ይሆናል ብለው አላሰቡም።

"እማዬ አታውሪ ስላለችኝ ነው" አለች ሶልያና።

"እኔ ነኝ እንግዲህ የማሰናክልሽ?"

ሶልያና ወጥታ እናቷን እጇን ይዛ አመጣቻት። እልፍነሽ በሩ ላይ ቆመች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ገበያ ላይ አፏን ስትከፍት አዞ ይሸሻል። ያን ጊዜ ግን የቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ እትዬ ዋጋዬ። ፈርቼ ነው።"

አሮጊቷ ዞር አለች።

"ታዲያ ብቻሽን ምን አስፈራሽ? ንገሪኝና አብረን እንፍራ።"

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ሦስቱም አንድ ላይ ነበር የሚያወሩት፣ የሚያለቅሱትም። በመጨረሻ እማማ ዋጋዬ እጇን ልጅቷ ራስ ላይ ጭና፣ የባሕሩን ወጀብ፣ የኪሊማንጃሮን ብርድና የሰው አገር ባል ሳይቀር እየጠራች መረቀቻት። ከዚያ መረቡ ይምጣ አለች።

አሁን ጠብቁኝ፣ ስወርድ ፈጣን ነኝ። እማማ ዋጋዬ መርፌ ያዘች። ቋጠሮውንም ለሶልያና አስተማረቻት፣ እዚያ ደግሞ ኤሊ መረብ ሲበጥስ ማን ሊጠግን ነው ብላ፤ መርፌና ክሩንም ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችላት። መረቡ ተጠገነ፣ ዳልኬ ጀልባ ገፋ፣ ሰው የሚያህል አምባዛ አወጣ፣ አስካለ እሳት አነደደች፣ ጭንቅላቱን ወረወረች፣ ሻምበል በላ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ጮኸ። ዝንጀሮው መነጽሩን ጥሎ ኮንሶ ገባ፣ መሰላሉ ተነሳ፣ ማቴዎስ ወጣ፣ ሽቦው ተቀጠለ፣ ፓምፑ ዞረ፣ ውሃው ከምንጩ እየተንፎለፎለ ዳገቱን ወጣ። እሑድ ከሰዓት ገንዳው ሞላ። ውሃው እንደ መስከረም ሰማይ ሰማያዊ ነበር።

ሁሉም መጣ። ማቴዎስ መሰላሉን ተሸክሞ፣ አስካለ የተጠበሰ ዓሣ ይዛ፣ ዳልኬ ምናልባት ብትሰምጥ ብሎ መረቡን ይዞ። እልፍነሽ ዓይኗን ጨፍና የእማማ ዋጋዬን እጅ ጨብጣለች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የቀረጽኩት አፍንጫዬን ነበር፤ ማቴዎስ ስልኩን አዞረልኝ።

ሶልያና ዘለለች። ወደ ታች ገባች። አልወጣችም። እልፍነሽ ዓይኗን ሳትከፍት "ወጣች?" አለች። ዳልኬ መረቡን አነሳ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ የመጣልኝ ነገር አንድ ብቻ ስለነበር ባለኝ ድምፅ ጠራሁት።

"እጅ፣ እግር፣ ትንፋሽ።"

አንድ እጅ ብቅ አለ። ከዚያ እግር። ከዚያ እንደ ጉማሬ የሚያንኮራፋ ትንፋሽ። እጅ፣ እግር፣ ትንፋሽ፣ ሕዝቡ ሁሉ አብሮኝ እያለ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ደረሰች። ጫፉን ስትይዝ የተነሳው እልልታ ሐይቁን ተሻግሮ አዞዎቹን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰ። እማማ ዋጋዬ "ወጥታለች፣ ክፈቺ" አለቻት እናቲቱን።

ቪዲዮው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተላከ። መልሱ በነጋታው መጣ፣ ነይ፣ ኤሊዎቹ እየጠበቁሽ ነው የሚል። ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም፤ እልፍነሽ ራሷ ገበያ መሐል ቆማ ላወቀችውም ላላወቀችውም ነገረች። ሶልያና ስትሄድ አውቶቡስ ተራው ድረስ ያልሸኛት ከዝንጀሮው በቀር የለም።

ይኸው ነው፤ አንድም የጨመርኩት የለም። ደግሞ ምያለሁና ሕሊናዬ እንዳይወቅሰኝ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። ውሃው ሰማያዊ አልነበረም። አረንጓዴ ነበር፣ እንቁራሪቶችም አብረው ገብተውበት ነበር። ካላመናችሁኝ ቪዲዮውን ክፈቱት፣ ከእልልታው በላይ የሚሰማው የእነሱ ድምፅ ነው።