የጣውላ ድርጅቱ ስድሳኛ ዓመት

በቦንጋ አንድ አንጋፋ የግንባታና የጣውላ ድርጅት ስድሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ድንኳን ተከለ። ባለቤቱ አቶ ወልደየስ የድርጅቱን ሥራ ሁሉ አባታቸው ብቻቸውን እንደሠሩት የሚተርክ መጽሐፍ አሳትመው ነበርና ምስክር አስፈለጋቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በሕይወት የቀረው ግን ምላሱ የሰላ አንድ ሽማግሌ አናጢ ብቻ ነው።

ከድንኳኑ ጀርባ ጠርተው፣ "ትምህርት ቤቱንም፣ ድልድዩንም፣ አዳራሹንም ያቆሙት አባቴ ናቸው ብለህ ትመሰክራለህ። አለዚያ ከምትኖርበት የድርጅቱ ቤት ትወጣለህ" አሉት።

ሽማግሌው ግንድ አብረውት ሲጎትቱ የኖሩት ባልንጀሮቹ ትዝ አሉት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ብልጭ አለለት፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "እሺ ጌታዬ" አለ።

መድረክ ላይ ወጣ። "ትምህርት ቤቱን ያቆሙት የአቶ ወልደየስ አባት ናቸው!" ጭብጨባው ቀለጠ። "ድልድዩንም ያቆሙት እሳቸው ናቸው!" አቶ ወልደየስ ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

"አዳራሹንማ ሁለት ጊዜ ነው ያቆሙት! አንዴ ዝናብ መጣ ብለው፣ አንዴ ለአቶ ወልደየስ ክርስትና ብለው። እኛ አናጢዎቹ 'ኧረ እንቀጥል' ብለን ባንለምናቸው ኖሮ ሁሉም ቆሞ ይቀር ነበር!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የክብር እንግዳው እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ለመሆኑ የለመኗቸው እነማን ነበሩ?" አሉ። ሽማግሌውም ከጣውላ ሰንጣቂው ከአደሎ ጀምሮ የሃያ ሦስት ባልንጀሮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ። ሕዝቡ ለእያንዳንዱ ሲያጨበጭብ አቶ ወልደየስም ሳይወዱ በግድ አብረው አጨበጨቡ።