ከደጅ የተባረረችው ፍየልና የግራር ፍሬ

ልጆች፣ ወደ እኔ ጠጋ በሉ። ፍሬም ፍየልም እንደ ሰው በሚናገሩበት በዚያ ዘመን ደጊቱ የምትባል ሴት ነበረች። ደጇን የሚያሳምርላት ግራር አማራት። ፍሬ ለቀመች፣ አፈር አለሰለሰች፣ ከዚያ ዞር ስትል ፍየሏን አየቻት።

«አንቺ የዛፍ ጠላት፣ ከዚህ ጥፊልኝ» ብላ በዱላ አባረረቻት። ግቢውንም በእሾህ አጠረችው።

ፍየሊቱ በንዴት ጦፈች። «ወተቴን ስትጠጪ ጠላት አልነበርኩም» እያለች አጥሩን ዞረች። ጅብ በሚጮህበት አገር ደጅ ማደር መሞት ነው። ደጊቱ ይህን ታውቃለች፤ እያወቀች ዘጋች። እኔን ሳወራው እንኳ ያንገበግበኛል።

ደጊቱ ፍሬውን ቀበረች፣ ውሃ አጠጣች፣ ጠበቀች። ምንም የለም።

«ምነው አልበቀልክ?» አለችው።

«ቆዳዬ ጠንካራ ነው» አላት ፍሬው።

ፍሬውን አውጥታ እንደገና ቀበረች፣ ፍግ አለበሰች፣ ጠበቀች። ምንም የለም።

«አሁንስ ምን ጎደለህ?»

«ቆዳዬ ነው አልኩሽ።»

ደግማ ቀበረች፣ ስለት ተሳለች፣ ጠበቀች። አሁንም ምንም የለም።

«የምትፈልገውን ንገረኝና ልስጥህ» አለችው እያለቀሰች።

ፍሬው ተቆጣ። «ውሃ ታፈሺብኛለሽ፤ ውሃው በየት ይግባ? የእኔን ቆዳ የሚያላላው የፍየል ሆድ ነው። በልታኝ፣ በሆዷ አሽታኝ፣ ከበጠጧ ጋር ስትጥለኝ እበቅላለሁ። አንቺ ደግሞ እሷን አባረርሽ።»

ደጊቱ አጥሩን ከፍታ ሮጠች። ፍየሊቱን ቋጥኝ ላይ ቆማ አገኘቻት። አንድ ጆሮዋን ጅብ ቆርጦታል።

«ነይ እንግባ፣ እመቤቴ» አለቻት።

«ዛሬ እመቤት ሆንኩ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ።»

«አልምርሽም። የምገባው ጅብ ስላለ ነው እንጂ ታርቄሽ አይደለም። ፍሬውን እበላልሻለሁ። ሲበቅል ግን እሰሪኝ፣ ቡቃያውንም አልምረውምና። ማሰር ሌላ፣ ማባረር ሌላ። ይህን ያህል ማሰብ አቃተሽ?»

ደጊቱ ከፊት እየመራች ወደ ግቢው ወሰደቻት።

ፍየሊቱ ገባች፣ ፍሬውን በላች፣ ከበጠጧም መሃል ግራር በቀለ። ደጊቱ በገመድ አስራ ሣር እያጨደች አበላቻት። ግራሩ አድጎ ደጁን አሳመረው። መንገደኛው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ሲላት ፍየሊቱ ጀርባዋን ትሰጣለች።

ተረቴ አለቀ፣ የፍየሏ ቁጣ ግን አላለቀም። እናንተም ማንንም ከማባረራችሁ በፊት ምን እንደሚሠራላችሁ ጠይቁ፤ የተቆረጠ ጆሮ በይቅርታ አይቀጠልም።